ለአደን የሚሆን የጀርባ ቦርሳ፦ እጁ ለደነዘዘው የሰቃ ልጅ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት ወንድሜ። ሰፈርህ ጅማ አጠገብ ሰቃ ጨቆርሳ ነው፣ ወረዳው ሲፈቅድ በቆሎ የሚያወድመውን ከርከሮ ለማባረር ከሰፈር ልጆች ጋ ወጥተህ ማታ ትገባለህ፣ ከመስቀል በኋላ ደሞ ባሌ አንድ የአደን ካምፕ በረዳትነት ወስዶሃል፣ እዛ አንዴ ከተወጣ 6 ቀን 7 ቀን ዱር ነው የሚታደረው። ቁመትህ 1.85፣ ኪሎህ 66። ከገበያ 80 ሊትር የሚል ቦርሳ ገዝተህ ለልምምድ ስትሸከመው ትከሻህ ተቃጠለ፣ ቀኝ እጅህ ይደነዝዛል፣ እና "ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቦርሳ የቱ ነው፣ 100 ሊትር ብገዛ ይሻለኛል ወይ?" ነው ያልከው።

100ውን አትግዛ። 80ውን ምን እንደምናደርገው መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ፣ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባህ፣ አንተን የገደለህ የሊትር ማነስ አይደለም። ቦርሳህ ወገብ የለውም። ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ ቀበቶ ብለው የለጠፉበት ነገር ስፖንጅ እንኳን የሌለው ቀጭን ማሰሪያ ነው፣ እሱ ሆድህ ላይ ይታሰራል እንጂ ምንም አይሸከምም፣ ስለዚ ሙሉ ጭነቱ ትከሻህ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

እኔ ጅማ መርካቶ አካባቢ ቦርሳና ድንኳን እየጠገንኩ ነው የምኖረው፣ ከዛ በፊት 9 ዓመት ባሌና አርሲ የአደን ካምፖች ውስጥ መጀመሪያ ተሸካሚ ኋላ ቆዳ ገፋፊ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ስለዚ የምነግርህ በጀርባዬም በመኪናዬም (የስፌት መኪና ማለቴ ነው፣ ሌላ መኪና የለኝም) ያየሁትን ነው። ደሞ የማወራው ፈቃድ ስላለው አደን ብቻ ነው። የዱር እንስሳት አዋጁ ቀልድ አይደለም፣ አንተም ከስካውቱ (ከዱር እንስሳት ጠባቂው) እና ከፒኤቹ (አደኑን ከሚመራው ፈቃድ ያለው አዳኝ) ጋ ስለምትወጣ ችግር የለብህም።

እጅህ ለምን እንደሚደነዝዝ ልንገርህ። ከአንገት ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮች በትከሻና በደረት መሀል፣ አንገት ስር ባለችው አጥንት በታች ነው የሚያልፉት፣ ከባድ ቦርሳ በቀጭን ማንገቻ ሰዓታት ሙሉ ሲጫናቸው መጀመሪያ ጣት ይደነዝዛል፣ እየደጋገምከው ከሄድክ ክንድህን ማንሳት ሁሉ ሊያቅትህ ይችላል። በጥንካሬ የሚታለፍ ነገር እንዳይመስልህ። ሲጀምርህ ቦርሳውን አውርድ፣ አውርደህም ካልለቀቀህ ሐኪም ይየው።

መፍትሄውን ደሞ እናቶቻችን ድሮ ያውቁታል። ከወንዝ ውሃ የምትቀዳ ሴት እንስራውን ትከሻዋ ላይ አታንጠለጥለውም፣ ወገቧ ላይ ታሳርፈውና ጎንበስ ትላለች፣ ገመዱ እንስራው እንዳይወድቅ ነው እንጂ ክብደቱን የሚይዘው ዳሌዋና እግሯ ነው። ጥሩ ቦርሳም እንደዛ ነው የሚሰራው፣ ከ10 እጅ 8ቱ ዳሌ ላይ፣ ማንገቻው የቀረችውን ይዞ ቦርሳው ወደኋላ እንዳይገለበጥ ይጠብቃል። ለዚህ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያስፈልጋል፣ ጠንካራ የወገብ ቀበቶና ክብደቱን እስከ ቀበቶው የሚያወርድ ፍሬም። አንዱ ካለ ሌላው ከሌለ ዋጋ የለውም፣ ፍሬም የሌለው ቦርሳ ላይ ወፍራም ቀበቶ ብትሰፋበት ጨርቁ መሀሉ ላይ ይታጠፍና ጭነቱ ተመልሶ ትከሻ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው፣ ቀበቶ አለው ብሎ ይገዛል።

ይሄን የተማርኩት ወድቄ ነው። 2ኛ ዓመቴ ላይ ይመስለኛል፣ ባሌ ውስጥ እንግዳው፣ ከፍሎ የሚያድነው ሰውዬ ማለት ነው፣ አንድ ያረጀ የደጋ አጋዘን መታ፣ አጋዘኑ ፈረስ የማይገባበት የአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀ። የደጋ አጋዘን ታውቃለህ አይደል፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው፣ ወንዱ ከ180 ኪሎ ጀምሮ ወደ 300 ይደርሳል። ገፈን ጨረስንና ቆዳውን ከነጭንቅላቱ እኔ ልሸከም ተባለ፣ እርጥብ ቆዳና ቀንድ ያለው ጭንቅላት ደሞ 20 ኪሎን በቀላሉ ያልፋል። የነበረኝ ካምፑ የሰጠኝ 90 ሊትር ትልቅ ቦርሳ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚቀናበት፣ ፍሬም የለውም። አንድ ሰዓት ያህል ቁልቁል እንደወረድን የቀኙ ማንገቻ ስሩ ላይ ተቦጨቀ፣ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ ጭነቱ በአንድ ጎን ዞረና እኔንም ይዞኝ ገደል አፋፍ ላይ ተንበረከኩ። ከኛ ጋ አንድ ዱካ ፈላጊ ሽማግሌ ነበሩ፣ ቦርሳቸው ከብዙ ዘመን በፊት አልቆ ፍሬሙ ብቻ የቀረ፣ የአሉሚኒየም ቧንቧና ቀበቶ ብቻ፣ እኛ ልጆቹ ቃሬዛ እያልን የምንስቅበት። ምንም ሳይሉ ጭንቅላቱን ከነቆዳው ፍሬሙ ላይ በገመድ ጠፍረው ተነስተው ሄዱ። በ60 ምናምን ዓመታቸው። እኔ ባዶዬን ከኋላ እየተከተልኩ አልደረስኩባቸውም።

ለአደን ተብለው የሚሰሩት ዘመናዊ ቦርሳዎች እኮ የሳቸው ቃሬዛ ናቸው፣ ሌላ ተአምር የለባቸውም። ፍሬሙ አለ፣ ከፍሬሙ ላይ ቦርሳው በማጥበቂያ ይለጠፋል፣ ሥጋ ወይ ቆዳ ሲኖርህ ማጥበቂያውን ታላላና በፍሬሙና በቦርሳው መሀል ታስገባዋለህ፣ መልሰህ ታጠብቀዋለህ። ከባዱ ነገር ጀርባህ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ደሙም ልብስህና ምግብህ ጋ አይገባም። ቦርሳው ራሱ ትንሽ ቢሆንም ጭነት ሲመጣ ያድጋል ማለት ነው። ባዶውን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል፣ ከተራ ቦርሳ ይከብዳል፣ ግን 25 ኪሎ ሲጫንበት የሚቀልህ እሱ ነው።

አሁን ሊትሩ ላይ እንምጣ። አንተ ያነበብከው የፈረንጅ ምክር ለብዙ ቀን አደን ከ70 እስከ 100 ሊትር የሚለው ውሸት አይደለም፣ ግን እነሱ ድንኳኑንም ምድጃውንም የ7 ቀን ምግቡንም በጀርባቸው ነው የሚሸከሙት። ባሌ ፈረስ አለ። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ የእንግዳው አልጋ፣ የምግብ ሳጥኑ በፈረስና በበቅሎ ነው የሚሄደው፣ አንተ ጀርባህ ላይ የሚኖረው የራስህ ልብስና ስሊፒንግ ባግ፣ የቀን ምግብ፣ ውሃ፣ ገመድ፣ ቢላ፣ ባትሪ፣ ምናልባት የእንግዳው ካሜራና ጃኬት ነው፣ ሲቀናችሁ ደሞ ከወደቀበት እስከ ፈረሱ ድረስ የምትሸከመው። ለዚህ ከ45 እስከ 50 ሊትር ይበቃሃል፣ ፍሬም ካለው። ልብ በል ግን፣ ጅማ 1,700 ሜትር ምናምን ላይ ነው ያለነው፣ ጋቢ ካለህ ታድራለህ፣ እዛ ካምፑ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሌሊት ውሃ ይረጋል፣ የሚያሞቅ ስሊፒንግ ባግ ብቻውን 15 ሊትር 20 ሊትር ይበላብሃል። በዚህ አስልተህ ነው 45 የምልህ፣ ያለ ስሊፒንግ ባጉ 30 ይበቃህ ነበር።

ደሞ "80 ሊትር" ብሎ የተፃፈውን አትመን። ባለፈው አንድ ልጅ እንዳንተው 80 የሚል አመጣልኝና 20 ሊትር ጀሪካን በቆሎ እየሞላን ገለበጥንበት፣ ሁለተኛው ገባ፣ ሦስተኛው ግማሽ ላይ አፉ ድረስ ሞላ። 50 ሊትር ማለት ነው። ኪሶቹንና ክዳኑን ብትጨምርለት እንኳን 80 አይገባም። አንተም ቤት ውስጥ ሞክረው፣ በቆሎ ከሌለ ገለባም ይሆናል፣ ዋናው ጀሪካኑን በእኩል መሙላት ነው።

ከሊትር በላይ መለካት ያለብህ ጀርባህን ነው። ረጅም ሰው ሁሉ ረጅም ጀርባ የለውም፣ አንዳንዱ እግር ብቻ ነው፣ አንተም 1.85 ስላልክ ትልቁን ቁጥር እንዳትገዛ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘህ ሰው ጥራ፣ አንገትህን ደፋ ስታደርግ ከኋላ ጎላ ብላ የምትወጣ አጥንት አለች፣ መነሻው እሷ ናት። ከዛ ሁለት እጅህን ወገብህ ላይ አድርግ፣ ልክ እንደተናደደ ሰው፣ አውራ ጣቶችህን ወደኋላ፣ ጣቶችህ ዳሌ አጥንትህ አናት ላይ ይረፉ። በሁለቱ አውራ ጣቶች መሀል መስመር አስምር፣ መድረሻው እሱ ነው። ከአጥንቷ እስከ መስመሩ ያለው ነው የጀርባ ቁመትህ። የኔ 46 ሴንቲ ነው፣ የብዙ ሰው ከ42 እስከ 52 ባለው ውስጥ ይገባል። የቦርሳው ማንገቻ ከሚነሳበት እስከ ቀበቶው መሀል ያለው ከዚህ ቁጥር ጋ ካልተቀራረበ፣ ወይም ከፍ ዝቅ የሚል ማስተካከያ ከሌለው፣ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰደው።

ከዛ ሳትፈትነው ጉዞ አትጀምር። ፈተናው ደሞ ጅማ ውስጥ በነፃ አለ። አንድ ፈረሱላ ቡና፣ 17 ኪሎ ማለት ነው፣ ላንተ ኪሎ ትክክለኛ ጭነት ነው፣ ለብዙ ቀን ጉዞ ከራስህ ክብደት ከሩብ ባይበልጥ ነው የሚመከረው፣ የ66 ሩብ 16 ከግማሽ ነው፣ እኩል በለው። ቡናውን በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ጀርባህ ጋ አስጠጋው፣ ትከሻ አጥንቶችህ መሀል፣ ታች አይዘቅዝቅ፣ ከውጪ በኩልም አይሁን። ስትለብስ ሁሉንም ማጥበቂያ አላላ፣ መጀመሪያ ቀበቶውን ዳሌ አጥንት አናት ላይ ግጥም አድርገህ እሰር፣ ከዛ ማንገቻውን ሳብ፣ ከዛ ከፍሬሙ አናት ወደ ማንገቻው የምትወርደዋን ትንሿን ማጥበቂያ፣ መጨረሻ የደረቱን። ትንሿ ማጥበቂያ ከትከሻህ ወደ ላይ 45 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ማለት አለባት፣ አግድም ከተኛች ፍሬሙ ላንተ ያጥራል። እና ከፈረንጅ አራዳ ተነስተህ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተመንግሥት ድረስ ውጣ። 7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ መጨረሻው ዳገት።

ስትደርስ የት እንዳመመህ ራስህን ጠይቅ። የትከሻህ አናት ከቀላ ቀበቶው አልሰራም። ዳሌ አጥንትህ ከተላጠ ቀበቶው ወይ ላልቷል ወይ ስፖንጁ የውሸት ነው። የታችኛው ወገብህ ላይ አንድ ቦታ ከቆጠቆጠህ ፍሬሙ ቅርፁ አልገጠመህም፣ ይታጠፋል። ላብ ብቻ ከሆነ ቦርሳው ገጥሞሃል።

ስፖንጁን ለማወቅ ቀበቶውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው፣ ሁለቱ ጣቶችህ ሊገናኙ ከደረሱ የፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ 1 ወር አይቆይም። የነጠላ ጫማ ሶል አይነት ድርቅ ያለ መሆን አለበት። ዘለበቱ ተገጥሞ ጠብቆም ደሞ ለተጨማሪ ማጥበቂያ 4 ጣት ያህል ክፍት ይቅር፣ 3ኛው ቀን ላይ ስለምትከሳ ነው።

የከርከሮው ውሎ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዛ ፍሬሙ ምን ያደርግልሃል? ከርከሮ እስላሙም አይበላው ክርስቲያኑም አይበላው፣ ተሸክሞ የሚመለስ ሰው የለም፣ እዛው ነው የሚቀረው። የምትይዘው 3 ሊትር ውሃ፣ በሶ ወይ ዳቦ ቆሎ፣ ዝናብ ልብስ፣ ፋሻና አልኮል፣ ገመድ ነው፣ ቢበዛ 7 ኪሎ። 25 ሊትር፣ ተማሪ የሚይዘው አይነትም ቢሆን ይበቃል። እንደውም ትልቅ ቦርሳ እዚህ ጠላት ነው። እኛ አካባቢ ያሉትን የቡና ጫካዎች፣ በለጠንና ገራን፣ ታውቃቸዋለህ፣ ቡናው ስር ጎንበስ ብለህ ነው የምታልፈው፣ ከራስህ በላይ የወጣ ቦርሳ ሐረጉ ሁሉ ይይዘዋል፣ ከርከሮ ሲመጣብህ ዛፍ ላይ ልውጣ ብትል እንኳን አይሆንልህም። የያዘህ ቦርሳ የትኛውም ይሁን ጀርባው ላይ ግን ቀይ ወይ ብርቱካናማ ጨርቅ እሰርበት። ውሻ ሲጮህ ሰው ሁሉ ጦርና ጠመንጃ ይዞ ወደ ቁጥቋጦ ነው የሚያየው፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ያለኸው ደሞ አንተ ልትሆን ትችላለህ።

አንድ ቦርሳ ብቻ ነው አቅሜ ካልክ እንግዲህ 45 ሊትር ፍሬም ያለውን ግዛ፣ ከጎንና ከጎን ማጥበቂያ ያለው ይሁን፣ ለቀን ውሎ ጨምቀህ ታጠብቀዋለህ። ተገላቢጦሹ አይሰራም፣ 25 ሊትሩ ባሌ ላይ አያድግልህም።

ስለ ሥጋና ቆዳ ጠይቀህ ስለነበር፣ የድሮ ሙያዬም ስለሆነ ትንሽ ላውራ። ላስቲክ ውስጥ አትክተት። በጭራሽ። እርጥብ ቆዳ በላስቲክ ታፍኖ በጀርባህ ሙቀት 3 ሰዓት ከሄደ ፀጉሩ መርገፍ ይጀምራል፣ ያ ማለት እንግዳው ስንት ሺ ዶላር የከፈለበት ነገር ራሰ በራ ሆኖ ካምፕ ይደርሳል፣ የሚሰደበው ደሞ ፒኤቹ ሳይሆን አንተ ነህ። ሥጋም እንደዛው፣ ይታፈንና ይሸታል። ከአቡጀዲ ከረጢት አሰፋ፣ ሁለት ሦስት፣ አየር ያስገባል፣ ዝንብ ይከለክላል፣ ታጥቦ ይደርቃል። አቡጀዲውን ከፍሬሙና ከቦርሳው መሀል አድርገህ ከቦርሳው በኩል ብቻ ላስቲክ አልብስ፣ ደሙ ወደ ዕቃህ እንዳይሰርግ። ቀንዱን ስታስር ጫፉ ወደ ታችና ወደ ውጪ ይሁን፣ ወደ ላይ ካደረግከው ቅርንጫፉን ሁሉ እየያዘ ወደኋላ ይጎትትሃል፣ ስትወድቅ ደሞ ማጅራትህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ዝናብ። ጅማ ላደገ ሰው ስለ ዝናብ አልሰብክም፣ ግን ሬይንከቨር የሚሉት የቦርሳ ልብስ ብቻውን አያድንህም፣ ውሃው በጀርባህ በኩል ነው የሚገባው፣ ጫካ ውስጥ ደሞ እሾህ ይዞት ይቀራል፣ ሲንኮሻኮሽም እንስሳ ያባርራል። እኔ የምጠቀመው ከውስጥ ነው፣ ስኳር ከሚመጣበት ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ወፍራም ላስቲክ ወስደህ ቦርሳው ውስጥ አልብሰው፣ ዕቃህን ክተት፣ አፉን ጠምዝዘህ እጠፈው። ቦርሳው ቢበሰብስ ስሊፒንግ ባግህ ደረቅ ነው። የዩሪያውን ማዳበሪያ ላስቲክ ግን ለዚህ እንዳትጠቀም፣ ስንት ጊዜ ብታጥበው ምግብ የሚነካው ነገር አይደለም።

ከለር ላይ ብዙ ሰው "አረንጓዴ ይሁን" ብሎ ያልፋል። እኔ የምለው ሰማያዊና ጥቁር አይሁን ነው። ምክንያቱን ጎጀብ ወይ ግቤ ቆላ ወርደህ ከሆነ ታውቀዋለህ፣ የገንዲ ዝንብ (ፀፀ የሚሏት) ሰማያዊና ጥቁር ትወዳለች፣ ለማጥመጃ የሚሰቅሉላት ጨርቅ እኮ ሰማያዊና ጥቁር የሆነው ለዛ ነው። ባሌ ደጋ ላይ የለችም፣ ግን ቦርሳ ለዓመታት ነው የሚገዛው፣ ነገ የት እንደምትሄድ አይታወቅም። የወታደር ዥንጉርጉርም ይቅርብህ፣ ኬላ በኬላ "ከየት አመጣኸው" ስትባል ነው የምትውለው። ቡኒ፣ የደረቀ ሳር ከለር፣ ደብዛዛ አረንጓዴ፣ በቃ።

ጨርቁን በጥፍርህ ቧጭረው፣ ድምፁ ከሰማህ ድኩላም ይሰማዋል። ወፍራምና ለስላሳ ይሁን፣ ኮርዱራ የሚባለው ናይለን 500 ቁጥሩ ለኛ ጫካ ይበቃል፣ 1000ው ዘላለም ይኖራል ግን ይከብዳል። ቬልክሮ ያለባቸው ኪሶች አትፈልግ፣ እንስሳው 40 ሜትር ላይ ቆሞ ብስኩት ላውጣ ብለህ ቸርርርር ስታደርግ የፒኤቹን ፊት ማየት ነው። ዚፑ ትልቅ ጥርስ ይሁን፣ ጭቃ ሲይዘው ሻማ አሸው። ውሃ በቱቦ የሚጠጣበት ከረጢት እኔ አልወድም፣ ውስጥ ላይ ከፈሰሰ የምታውቀው ማታ ነው፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ ሁለት በጎን ኪስ ይሻላል።

የት ልግዛ ላልከው፣ አዲሱ የአደን ቦርሳ እኛ ገበያ የለም፣ ውጪ ዘመድ ካለህ ሌላ ነገር። ሐሙስ ገበያ ሳልባጅ የሚበትኑት ጋ ግን አንዳንዴ ወርቅ ይወጣል፣ ፈረንጅ ተራራ የወጣበት ቦርሳ ፍሬሙ ከነነፍሱ። ከማየትህ በፊት እጅህን ውስጡ ክተት። ከውስጥ የተቀባው ነገር ከተጣበቀብህ ወይ እንደ ፎረፎር ነጭ ነጭ እየሆነ ከረገፈ ተወው፣ እርጥበት በልቶታል፣ ውሃ አይከለክልም፣ ሽታውም አይለቅም። ቀጥሎ ማንገቻው ከቦርሳው የሚገናኝበትን ገልብጠህ እይ፣ ያ የኔ የተቦጨቀበት ቦታ ነው። አንድ መስመር ስፌት ብቻ ካለው ያልቃል፣ ጠቅጠቅ ያለ ወደፊትና ወደኋላ የተሰፋ ብዙ መስመር ከሆነ ግባበት። ዘለበት ቢሰበር አትሸሽ፣ እሱ ይቀየራል። ፍሬሙ ከተሰነጠቀ ግን ተሰናበተው።

ስትገዛውም ስታሳድረውም መሬት ላይ አታስቀምጠው። አንዴ ገራ ጫካ ውስጥ ቦርሳዬን ዛፍ ስር ጥዬ ቡና ጠጥተን ስንመለስ ገብረ ጉንዳን ጀርባ ማረፊያው ስፖንጅ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ እኔ ደሞ ሳላይ ለበስኩት። የሆንኩትን አልነግርህም፣ አብረውኝ የነበሩት ግን እስካሁን ያወሩታል። ቅርንጫፍ ላይ ስቀለው።

አሁን ያለህ 80። አትጣለው፣ ጨርቁ በፎቶው ጥሩ ይመስላል። ሁለት ነገር ይሰራለታል። አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሰሩ ልጆች ጋ ሂድና ጠፍጣፋ ቁራጭ፣ 2 ሴንቲ ከግማሽ ስፋት፣ 3 ሚሊ ውፍረት፣ ከጀርባህ ቁመት 10 ሴንቲ ረዘም ያለ 2 ፍሬ ቁረጡልኝ በላቸው፣ ጫፉን በሞረድ ያለስልሱት። ጉልበትህ ላይ አድርገህ በጀርባህ ጉብጠት ልክ አጉብጣቸው፣ ወገብ ላይ ወደ ውስጥ፣ ትከሻ ላይ ወደ ውጪ፣ ሰው ጀርባህ ላይ እየለካ ያስተካክልልህ። ቦርሳው ውስጥ በጀርባው በኩል ሁለት ቀጭን ኪስ አሰፍተህ ትከታቸዋለህ፣ ታችኛው ጫፋቸው ልክ ቀበቶው ላይ ማረፍ አለበት፣ ካላረፈ ልፋትህ ከንቱ ነው። ቀበቶውን ደሞ አውልቀህ አዲስ አሰፋ፣ ድርቅ ያለ የስፖርት ማት ሁለት ድርብ፣ በሸራ ተለብጦ፣ 10 ሴንቲ ስፋት። ጋራዥ የሚጣለውን የመኪና ሴፍቲ ቤልት ለማጠናከሪያ ተጠቀምበት፣ ማንገቻው ስር ላይ ደርበህ ስትሰፋው በሬ አይበጥሰውም፣ ግን ማጥበቂያ እንዳታደርገው፣ ስስና ለስላሳ ስለሆነ ዘለበት ውስጥ እየተንሸራተተ ይላላብሃል። ክሩ ናይለን ይሁን፣ የጥጥ ክር ጅማ ዝናብ ላይ ይበሰብሳል።

እኔ እንደዚህ የሰራኋቸው እስከ 20 ኪሎ ድረስ ሲይዙ አይቻለሁ፣ ከዛ በላይ ሲሆን አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይለምጣል፣ መልሰህ በጉልበትህ ታቃናዋለህ። ለመጀመሪያ ዓመት ይሆንሃል፣ በሁለተኛው ዓመት ደሞዝህ እውነተኛውን ትገዛለህ። ብቻ የጅሬኑን ፈተና ሰርተህ የት እንዳመመህ ፃፍልኝ፣ ግራና ቀኝ ለይተህ፣ ምክንያቱም የቀኝ እጅህ ብቻ ነው የሚደነዝዘው ስላልክ የቀኙ ማንገቻ ከግራው አጥሮ ተሰፍቶ እንደሆነ እጠረጥራለሁ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝተህ በሜትር ለካቸው።